ሁለት ዓይን ያለው ጠላት

አጎትየው በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር መድፈኛ የነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ የፊልም ኤዲተር ናት፤ በአሁኑ ጊዜ ስለ ጦርነት የተሠራ አንድ የአማርኛ ፊልም እየቆረጠች ነው። ሥራው ሲከብዳት ሦስት የታወቁ የጦርነት ፊልሞችን ይዛ ወደ እሳቸው ቤት ሄደች። አብረው አይተው ሲጨርሱ ይህን ተነጋገሩ።

ኤዲተር፦ ጋሼ፣ ከሦስቱ የትኛው ጦርነትን እንዳለ ያሳየ ይመስልዎታል?

አጎት፦ እሱን ለመመለስ ይከብደኛል። የአሜሪካኖቹ ግን ሰውነቴን አራደው። እነዚያ ልጆች ከጀልባው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወርዱ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ይዤ እንደነበር የታወቀኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ይኼን እንዴት እንደሚሠሩት ንገሪኝ፤ ያንቺ ሙያ ነው።

ኤዲተር፦ “ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን” ስቲቨን ስፒልበርግ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም ነው። ያ ትዕይንት ጁን 6 ቀን 1944 አሜሪካኖች ኖርማንዲ ውስጥ ኦማሃ በተባለው ዳርቻ ሲወርዱ የሆነውን የሚያሳይ ነው፤ የተቀረጸው ግን አየርላንድ፣ ዌክስፈርድ ውስጥ ነው። ሰውነትዎን የያዘው ነገር የሚጀምረው ከካሜራው ሻተር ነው። ካሜራ በሰከንድ 24 ፎቶ ያነሳል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ፎቶ ብርሃን የሚያገኘው ለ1/48 ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚሮጥ ሰው ትንሽ ይደበዝዛል፤ ዓይናችን ብዥታውን ስለለመደው ሩጫው ለስላሳ ሆኖ ይታየናል። ካሜራማኑ ያኑሽ ካሚንስኪ ሻተሩን ከ180 ዲግሪ ወደ 90 እና ወደ 45 አጠበበው። ፎቶው የሚነሳበት ጊዜ ወደ ግማሽና ወደ ሩብ አጠረ ማለት ነው። ብዥታው ጠፋ። ፈንጂ የበተነው አሸዋ ቅንጣት በቅንጣት ይታያል፤ የሰዎቹ እንቅስቃሴ ደግሞ ይቆራረጣል፣ ይንዘፈዘፋል።

አጎት፦ እንደዚያ ነው። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ነገሩ ሁሉ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። አንድ ቀን ከባድ መሣሪያ አጠገባችን ሲወድቅ ፊት ለፊቴ የነበረችውን የሻይ ጣሳ እስከ ዛሬ አያታለሁ። ጎኗ ላይ ቀለሟ የተላጠበት፣ ዝገት የጀመረው ቦታ ሳይቀር። አብሮኝ ሻይ ይጠጣ የነበረውን ልጅ ፊት ግን ማስታወስ አቅቶኛል።

ኤዲተር፦ ይኼን ነግረውኝ አያውቁም።

አጎት፦ ማን ጠየቀኝ? ቀጥዪ።

ኤዲተር፦ ከሌንሶቹ ላይ ደግሞ ነጸብራቅ የሚከላከለውን ሽፋን አስነሥተዋል፤ ብርሃኑ እንዲረጭና ምስሉ በዚያን ዘመን ሌንስ የተነሳ እንዲመስል። ቀለሙን አጥበው አደብዝዘውታል። ውጊያው ላይ ሙዚቃ የለም። ጆን ዊልያምስን የሚያህል ሙዚቀኛ ይዞ ስፒልበርግ ከሃያ ደቂቃ በላይ በሚቆየው ትዕይንት አንዲት ኖታ አላስገባም። ሙዚቃ ቢገባ ተመልካቹ የሚይዘው ነገር ያገኛል፤ አሁን ማልቀስ አለብኝ፣ አሁን ደግሞ መኩራት አለብኝ ይላል። ድምፁን የሠራው ጋሪ ራይድስትሮም ነው። ካሜራው ውሃ ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ሁሉ ይታፈናል፤ ጥይቱ ነጭ መስመር እየተወ ያልፋል፤ ወዲያው ብቅ ሲል መዓቱ እንደገና ይወርድብናል። ይኼንን ፊልም የተራኪ ድምፅ ተጭኖበት በትርጉም ያየ ሰው ግማሹን አላየም ብል ማጋነን አይሆንም።

አጎት፦ ሻምበሉ ጆሮው የሚደነዝዝበትን ቦታ አትርሺ።

ኤዲተር፦ ቶም ሃንክስ፤ አዎ። ፍንዳታው አጠገቡ ይወድቅና ድምፁ ሁሉ ይርቃል። ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አይሰማም። የተቆረጠ ክንዱን ከመሬት አንሥቶ የሚሄድ ሰው ያያል። እኛም ከራሱ ቅል ውስጥ ሆነን ነው የምናየው።

አጎት፦ እዚያ ጋ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ድምፁ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ተመለሰ። ጆሮ እንደ በር አይደለም፤ ዘግተሽው ከፍተሽው አይሆንም። የእኔ ቀኝ ጆሮ ይኼው ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይጮሃል። መጀመሪያ የሚመለሰው ደግሞ የሰው ድምፅ አይደለም፤ የራስሽ ትንፋሽ ነው። ያውም የሌላ ሰው ትንፋሽ ይመስልሻል።

ኤዲተር፦ ይኼን ልጻፈው። ጋሼ፣ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጊዜ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊልሙን አይተው የተረበሹ ዘማቾች የሚደውሉበት ስልክ አዘጋጅቶ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ዝም ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው ያለቀሱት።

አጎት፦ አየሽ! ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ብልሃት የተሠራው ጦርነትን ላላየ ሰው ነው። ላላየው ሰው ደግ ነው፤ ያስደነግጠዋል፣ የሟቹን ዋጋ ያሳየዋል። ያንቺን ፊልም የሚያየው ማነው? ከሲኒማው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁን የቀበረ፣ ከመጠለያ የመጣ ቢሆንስ? ለእሱ ሻተር ማጥበብ ምን ያደርግለታል? እሱ እንደሁ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት አይቶታል።

ኤዲተር፦ ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ዳይሬክተራችን ያየውን ሁሉ ማሳየት ይፈልጋል። ሰው ካልደነገጠ አይማርም ባይ ነው። እኔ በድንጋጤ መማሩን እጠራጠራለሁ። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ፍራንሷ ትሩፎ ጦርነትን ለመቃወም ተብሎ የሚሠራ ፊልም መጨረሻው ጦርነትን ማድመቅ ይሆናል ብሎ ይሰጋ ነበር። ስጋቱ መሠረት አለው። በ1979 የወጣው “አፖካሊፕስ ናው” ላይ ሄሊኮፕተሮች የቫግነርን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ እየለቀቁ አንድ የቬትናም መንደር ያጠቃሉ። ዳይሬክተሩ ኮፖላ ያንን ያደረገው እብደቱን ሊያሳይ ነው። በ2005 በወጣው “ጃርሄድ” ላይ ደግሞ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊሄዱ ያሉ የአሜሪካ ማሪኖች ይኼንኑ ትዕይንት አዳራሽ ውስጥ እያዩ ሲዘሉ፣ አብረው ሲዘምሩ እናያለን። ለእነሱ ቅስቀሳ ሆኗል። የሚገርመው ዋልተር መርች በሁለቱም ፊልሞች ላይ ኤዲተር ነው፤ አንዱን ከቆረጠ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰው እንዴት እንደተቀበለው የሚያሳየውንም ራሱ ቆረጠ።

አጎት፦ የማሪኖቹ ነገር አይገርመኝም። ከአየር ላይ ሆኖ፣ ሙዚቃ ይዞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ምን ይሰማዋል ብለሽ ነው? ካሜራው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነው የሚወስነው። ከሄሊኮፕተሩ ጋር ከተቀመጥሽ ትበሪያለሽ። ከጀልባው ልጆች ጋር ከተቀመጥሽ ትፈሪያለሽ።

ኤዲተር፦ የማንን ፊት እንደምናይም ይወስናል። ኦማሃ ላይ ጀርመኖቹን ልብ ብለው አይተዋቸዋል? ካሜራው ከኋላቸው ነው። ጥላ ናቸው፤ ትከሻ፣ ብረት ቆብና መትረየስ።

አጎት፦ የአድዋን ሥዕሎች አስታወስሽኝ። በድሮው አሣሣል ወገን ፊቱን ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ጠላት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ልማድ ነው፤ ጻድቁ ሁለት ዓይን፣ ሰይጣኑ አንድ ዓይን። ሰዓሊው የትኛው ወገን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ማንም መሃይም ቆሞ ይረዳዋል።

ኤዲተር፦ ስፒልበርግም ሳያውቀው ያንኑ ሕግ ተከትሏል። ምሽጉ ከተሰበረ በኋላ ሁለት ወታደሮች እጃቸውን አንሥተው እየተናገሩ ይወጣሉ። አሜሪካኖቹ ይገድሏቸዋል፤ ቀጥሎም ይሳሳቃሉ። የሚናገሩት ጀርመንኛ አይደለም፤ ቼክኛ ነው። ቼኮች ነን፣ ማንንም አልገደልንም እያሉ ነው። ከታች ጽሑፍ አልተደረገበትም። ቼክኛ የማይሰማ ተመልካች እንደ ወታደሮቹ ምንም ሳይገባው ያልፋል።

አጎት፦ ይህ ታዲያ ጥሩ አይደለም?

ኤዲተር፦ በጣም ጥሩ ነው። ያስቆጨኝ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል መሰወሩ ነው። የሚያውቅ ብቻ ያውቀዋል።

አጎት፦ በዚህስ አልስማማም። ጦርነት ላይ የጠላትን ፊት ማን ያያል? እኔ መድፈኛ ነበርኩ። የተኮስኩበትን ሰው አንድም ቀን አላየሁም። ከኪሎ ሜትሮች ርቀት በሬዲዮ ቁጥር ይነገረኛል፣ አስተካክላለሁ፣ እተኩሳለሁ። “ትክክል” ይሉኛል። አበቃ። ፊልሙ የወታደሩን ዓይን ብቻ ካሳየ ዋሸ አይባልም።

ኤዲተር፦ ወታደሩ ምርጫ የለውም ጋሼ። ኤዲተር ግን አለው። እኔ የማንንም ፊት ማየት የምችልበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወራት ተሰጥቶኝ፣ እንደ ምሽግ ወታደር በአንድ ቀዳዳ ብቻ ላሳይ ብል ምክንያቴ ምንድን ነው? “የአልጀርስ ጦርነት” ያስደሰተኝ በዚህ ነው። ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 ሲያወጣው የዜና ፊልም አስመስሎ ነው የሠራው። ጥቁርና ነጭ፣ ሻካራ ምስል፣ ከሕዝብ መካከል የሚገፋ ካሜራ። ሰው እውነተኛ ዜና ስለመሰለው የፊልሙ ሰዎች አንድም ቁራጭ የዜና ፊልም እንዳልተጠቀሙ በጽሑፍ መግለጽ ነበረባቸው። ከተዋናዮቹ አብዛኞቹ በሙያው ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ከፈረንሳይ ጋር ይዋጋ ከነበረው የአልጄሪያ ነጻነት ግንባር መሪዎች አንዱ የነበረው ሳዲ ያሴፍ ራሱ ይተውናል።

አጎት፦ ሴቶቹ ቦምቡን ይዘው የሚገቡበት ቦታ…

ኤዲተር፦ እሱን ልልዎ ነበር። የምንወግነው ከአልጄሪያውያኑ ጋር ነው፤ ፊልሙ የእነሱ ነው። ልጅቷ ቡና ቤቱ ውስጥ ቦምቡን የያዘውን ቦርሳ ይዛ ስትቀመጥ ግን ካሜራው ከእሷ ዓይን ጋር ይዞራል። አንድ በአንድ ፊታቸውን እናያለን፤ የሚስቁትን፣ የሚያወሩትን፣ አይስክሬም የሚልሰውን ሕፃን። ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ልጅቷም አይታቸዋለች፣ እኛም አይተናቸዋል። ከዚያ ትነሣለች። በአልጀርስ አሮጌ ሰፈር፣ በካዝባ፣ ለሞቱት አልጄሪያውያን የተደረገው የሐዘን ሙዚቃ ደግሞ ለፈረንሳዮቹ ሬሳም ያው ይደረጋል። ማን እንደበደለ ፊልሙ አልደበቀም፤ ሙታኑን ግን አላበላለጠም።

አጎት፦ እሱ ፊልም አከበረኝ። ሦስተኛውን ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጨረስ አልቻልኩም። ጀርመኖቹ ገበሬዎቹን አዳራሹ ውስጥ ሲቆልፉባቸው ተነሥቼ በረንዳ ላይ ወጥቻለሁ።

ኤዲተር፦ አይቻለሁ። ላቆመው ብዬ ነበር።

አጎት፦ ለምን ይኼን ያሳዩናል? እኔ ይኼን ማየት ያለብኝ ማን ስለፈረደብኝ ነው?

ኤዲተር፦ “መጥተህ እይ” ይባላል፤ ስሙ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 የተወሰደ ነው። ኤሌም ክሊሞቭ በ1985 በሶቪየት ኅብረት የሠራው ነው፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። ጽሑፉን አብሮት የጻፈው አሌስ አዳሞቪች በልጅነቱ ቤላሩስ ውስጥ ራሱ ፓርቲዛን፣ ማለትም የሽምቅ ተዋጊ፣ የነበረ፣ ከተቃጠሉት መንደሮች የተረፉትን እየዞረ ቃላቸውን የሰበሰበ ሰው ነው። ክሊሞቭም ልጅ ሆኖ ከስታሊንግራድ ሲወጣ ከተማዋ ስትነድ አይቷል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ 628 የቤላሩስ መንደሮች ከነሕዝባቸው መቃጠላቸውን ይጽፋል። ያንን አዳራሽ ባያሳዩት ቃላቸውን የሰጧቸውን ሰዎች የካዱ ይመስላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አጎት፦ የእነሱን መብት አልነፈግሁም። እኔ የምለው ላንቺ ነው። እነሱ የሠሩት ጦርነቱ ካለቀ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ያንቺ ተመልካች ገና ቁስሉ አልጠገገም።

ኤዲተር፦ ስለዚህ ነው እዚያው ፊልም ውስጥ ካለ ሌላ ትዕይንት ልማር የምፈልገው። ያቺ የባዶ ቤቷ።

አጎት፦ የዝንቦቹ።

ኤዲተር፦ አዎ። ልጁ ፍሊዮራና ግላሻ የምትባለዋ ልጅ ከቦምቡ ድብደባ ተርፈው ወደ እሱ መንደር ይመጣሉ። ማንም የለም። ቤት ይገባሉ። የልጆች አሻንጉሊቶች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ከምድጃው ውስጥ ሾርባ ያወጣል፤ ገና አልበረደም። ይበላሉ። ድምፁን ያስታውሱ፤ ከፍንዳታው ጀምሮ ጆሯችን ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ። በዚያ ላይ ዝንብ። እየበረከተ የሚሄድ የዝንብ ድምፅ። ማንም ስለ ሬሳ አልተነፈሰም፤ እኛ ግን ሽታው ይመጣብናል። ከዚያ ልጁ የት እንዳሉ አውቃለሁ ብሎ ሮጦ ይወጣል፤ እሷ ትከተለዋለች። እየሮጠች አንድ ጊዜ ዘወር ትላለች። ከቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ የመንደሩ ሰዎች ተከምረዋል። ምስሉ ቅጽበት ነው የሚቆየው። ካሜራው አይጠጋም፣ ሙዚቃ አይገባም፣ ቁርጥ። ልጁ አላየም። እሷ አይታለች፣ እኛም አይተናል፤ እሱ ግን ወደ እናቱ እየሄደ መስሎት ረግረጉ ውስጥ ይገባል።

አጎት፦ እሱ ላይ አልተነሣሁም።

ኤዲተር፦ አልተነሡም። የሬሳው ብዛት ከኦማሃው ሊያንስ ይችላል፤ ሾርባው ግን ሞቅ ያለ ነው። ፊልም ሠሪው ሊያስደነግጠን አልሮጠም፤ የምናውቀውን ለልጁ መንገር የማንችልበት ቦታ ላይ አስቀመጠን። ያ ነው ከተመልካቹ ጋር የሚቀረው። መርዶ ይዞ ሰው ቤት በር ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው ስሜት ነው፤ እኛ አገር ይኼን ስሜት የማያውቅ ቤተሰብ የለም።

አጎት፦ ልጁ ደግሞ ፊቱ። እያደር ሽማግሌ እየመሰለ ሄደ።

ኤዲተር፦ ልጁን ሆኖ የተወነው አሌክሲ ክራቭቼንኮ ሲመረጥ ገና ወጣት ልጅ ነበር፤ ፊልሙ በታሪኩ ቅደም ተከተል ወራት ወስዶ ነው የተቀረጸው። ካሜራማኑ ሮዲዮኖቭ ስቴዲካም ይጠቀማል፤ ካሜራው እንደ ዜና አይንቀጠቀጥም፣ ይንሳፈፋል። ፊቶቹም በቀጥታ ሌንሱን ያያሉ፤ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ እርስዎ እንዳሉት የጻድቅ አሣሣል። የመጨረሻውን ግን በረንዳ ስለነበሩ አላዩትም። ልጁ የሂትለርን ፎቶ ጭቃ ውስጥ ያገኝና ይተኩስበታል። በተኮሰ ቁጥር የዜና ፊልሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፈረሰው ቤት ይነሣል፣ ሰልፉ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ ሂትለር እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ሆኖ ፎቶው ይቆማል። በሁለት ዓይኑ ያየናል። ልጁ አነጣጥሮ ይቆማል። አይተኩስም።

አጎት፦ ያንን የመሰለ ጠላት?

ኤዲተር፦ ያንን የመሰለ።

አጎት፦ እስቲ ያንቺን ንገሪኝ። ያስቸገረሽ ትዕይንት የትኛው ነው?

ኤዲተር፦ ከባድ መሣሪያ አንድ ገጠር ቤት ላይ ይወድቃል። ዳይሬክተሩ ቤቱ ሲፈርስ በዝግታ፣ ከዚያ ሬሳዎቹን በቅርብ፣ በላዩ ላይ የዋሽንት እንጉርጉሮ ይፈልጋል። እኔ ዋሽንቱን አውጥቼዋለሁ። የሬሳውን ቅርብ ምስልም አውጥቼ ጎረቤቷ ከአጥር ማዶ ስታይ አስቀርቻለሁ። ከፍንዳታው በኋላ ያለው ድምፅ ነበር የጎደለኝ፤ እሱን ደግሞ ዛሬ ሰጥተውኛል፤ መጀመሪያ የራሷ ትንፋሽ።

አጎት፦ ተኳሹስ?

ኤዲተር፦ አይታይም። ከየት እንደመጣም አይነገርም።

አጎት፦ አሳዪው።

ኤዲተር፦ ጋሼ፣ አልተቀረጸም። የማንን ወገን ልናለብሰው ነው? ፊልሙን የአንዱ ወገን ክስ እናደርገዋለን።

አጎት፦ መለዮውን አታሳዪ። እጁንና ፊቱን አሳዪ፤ ሙሉ ፊቱን። ተኳሽ ሲባል ሰው አረመኔ ነው የሚመስለው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይዟል። ቁጥር በሬዲዮ ይመጣለታል፤ እንዳይሳሳት መልሶ ይለዋል፤ ያዞራል፤ እንደገና ይለዋል። ከተኮሰ በኋላ ጆሮውን የያዘበትን እጅ አውርዶ ትክክል መሆኑን ይጠብቃል። ቤት ይሁን ምሽግ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። ያቺን ጎረቤት ያየ ተመልካች ይኼንን ልጅ ሳያይ ወደ ቤቱ ከሄደ ግማሹን ነው የነገርሽው።

ኤዲተር፦ አንድ ተጨማሪ የቀረጻ ቀን ያስፈልጋል። በጀት የለም ይሉኛል።

አጎት፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ሬዲዮ ነው። ጠይቂያቸው። ቁጥሩ እንዴት እንደሚመለስ ለተዋናዩ እኔ አስተምረዋለሁ፤ ቶሎ እንዳይለው ብቻ ንገሪው፤ እኛ ቀስ ብለን ነበር የምንለው።